የቀድሞው ባለቤት

(የልብስ ስፌት ቤት። በሩ ላይ ቀይ ቀለም የተቀባ ውራጅ ሞተር ሳይክል ቆሟል። ውስጥ፣ መቁረጫ ጠረጴዛው ላይ አርባ የተማሪ ዩኒፎርም ተጣጥፎ በገመድ ታስሯል። ልብስ ሰፊውን ሰፈሩ «ቆይማ» ይለዋል፤ ወሬ የሚጀምረው ከዚህች ቃል ነው። የሚስቱን ታላቅ ወንድም ደግሞ «አውቃለሁ» ይሉታል፤ ምክንያቱን ለመረዳት አንድ ደቂቃ አብሮት መቆም ይበቃል። አውቃለሁ ዛሬ መነጽሩን ቤቱ ረስቶ መጥቷል። መርሳቱን ግን ለማንም አይናገርም፤ እሱ የሚጨነቀው ሰው እንዲያየው እንጂ ራሱ ለማየት አይደለም። ጭቅጭቁ የተነሳው በሞተሩ መቀመጫ ነው።)

አውቃለሁ፦ ይሄ ሞተር ነው ወይስ የሙሽራ ሶፋ?

ቆይማ፦ ቆይማ ጋሼ፣ መቀመጫው ተቀዶ ስፖንጁ ወጥቶ ነበር። ከመጋረጃ የተረፈ ጨርቅ ስለነበረኝ አለበስኩት።

አውቃለሁ፦ አበባ?

ቆይማ፦ የተረፈው አበባው ነው።

አውቃለሁ፦ ትልቅ ሰው ጽጌረዳ ላይ ቁጭ ብሎ በአደባባይ ሊታይ ነው። እህቴ ይሄን ጉድ አይታዋለች?

ቆይማ፦ ጨርቁን የመረጠችው እሷ ናት።

አውቃለሁ፦ እሷ ድሮም ምርጫ አትችልም። (ቆይማን ከእግር እስከ ራሱ ያየዋል።)

ቆይማ፦ ቆይማ፣ የጠራሁህ ለመቀመጫው አይደለም። ፊርማህን ፈልጌ ነው።

አውቃለሁ፦ አውቃለሁ።

ቆይማ፦ እህትህ ነገረችህ እንዴ?

አውቃለሁ፦ እኔ ደግሞ እስኪነገረኝ ልጠብቅ? ውራጅ ገዝተሃል፣ ልብህ ፈርቷል፣ አዋቂ ሰው አይቶ ፈርሞ እንዲመሰክርልህ ፈልገሃል። ሳትገዛ በፊት ነበር እኔን መጥራት።

ቆይማ፦ ምስክርነቱ እንኳ ይቅርብኝ። ስሙን ወደ እኔ ለማዞር ነው የፈለግኩት፤ ያለ አንተ ፊርማ ደግሞ...

አውቃለሁ፦ አውቃለሁ አልኩህ እኮ።

ቆይማ፦ ስም የሚዞርበት ቢሮ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ይዘጋል። ነገ ጠዋት እነዚህን ዩኒፎርሞች ትምህርት ቤቱ ማድረስ አለብኝ። አምና በሸክም ስደርስ ረፍዶ ግማሹን ሥራ ለሌላ ሰጡት። በሞተር እንዳልወስደው፣ በሰው ስም ያለ ሞተር ላይ ትራፊኮች ከያዙኝ ከነልብሱ ነው የሚወስዱብኝ። ዘንድሮም ካመለጠኝ ይሄን ቤት መዝጋቴ ነው ጋሼ።

አውቃለሁ፦ እንግዲያው አታስረዝምብኝ። ከማን ገዛኸው?

ቆይማ፦ ከአሮጌ ብረት ገዢው። እሱ ከባለቤቱ በኪሎ መዝኖ ነው የወሰደው።

አውቃለሁ፦ (እየሳቀ መቀመጫው ላይ፣ አበባው መሃል ዘፍ ይላል።) በኪሎ! ሰው ሁሉ የሚጥልበት ቦታ አንተ ትገበያያለህ።

ቆይማ፦ አቅሜ የደረሰው እዚያ ድረስ ነው። ለሱ የሸጠለት ሰውዬ ግን...

አውቃለሁ፦ የሸጠለት ሰውዬ ከእሱ የባሰ ጅል ይኖራል ብሎ በሕልሙም አላሰበም። ሞተር በኪሎ የሚሸጥ ሰው ቤቱንም በስንዝር ይሸጣል። የእኔን ሞተር ታስታውሳታለህ? ጥቁሯን?

ቆይማ፦ እንዴት አላስታውሳትም። ስለ እሷ ልነግርህ ነው እኮ...

አውቃለሁ፦ ለመሐንዲስ ነው የሸጥኳት። ቁልፉን ስሰጠው ሰውዬውን እንባ ተናነቀው። አያያዜን አይቶ እኮ ነው። እስከ ዛሬ እየነዳት ነው።

ቆይማ፦ የምን መሐንዲስ?

አውቃለሁ፦ የድልድይ።

ቆይማ፦ እኔ እንኳ ሌላ ነው የሰማሁት።

አውቃለሁ፦ ሰው ይቀናል፣ ያወራል። ዞር በል፣ ልየው ይሄን የብረት ክምር።

(የእግር ማስነሻውን ይረግጣል። ዝም። ደግሞ ይረግጣል። ሞተሩ እንደ ሽማግሌ አንዴ ጉሮሮውን ጠርጎ ተወው።)

ቆይማ፦ ቆይማ፣ ዝግ ነው።

አውቃለሁ፦ ዝግ መሆኑን መች አጣሁት። አንተ የገዛኸው ሞተር ከአንተ ይፈጥናል ብዬ አልመጣሁም።

ቆይማ፦ ዝግ ያለ ነው አላልኩም። ዝግ ነው፣ ይከፈት ነው የምልህ።

አውቃለሁ፦ ሱቁ ከተዘጋ ነገ ይከፈታል። አትነጅሰኝ፣ ሥራ ላይ ነኝ።

(ሰባቴ ይረግጣል። ላቡ አገጩ ላይ ይደርሳል። ኮቱን አውልቆ ዩኒፎርሞቹ ላይ ይጥላል፤ ቆይማ ኮቱን አንስቶ ሚስማር ላይ ይሰቅልለታል።)

አውቃለሁ፦ አበቃ። ገባኝ። ሞተሩ ወርዶ ያውቃል?

ቆይማ፦ አዎ፣ ባለፈው ሳምንት ወርዷል።

አውቃለሁ፦ ማን አወረደው?

ቆይማ፦ እኔና ዳቦ ጋጋሪው።

አውቃለሁ፦ ዳቦ ጋጋሪ ሞተር ያወርዳል?

ቆይማ፦ ምን ገዶት፣ ጉልበታም ነው። እሱ ከፊት ያዘ፣ እኔ ከኋላ፣ ከጋሪው ላይ ዱብ አደረግነው።

አውቃለሁ፦ (ዓይኑን ይጨፍናል።) አምላኬ፣ እህቴን ለማን ነው የሰጠኋት? አንተ ሰውዬ፣ ሞተር ወረደ ማለት ተፈታ፣ ሆዱ ተከፍቶ ታየ ማለት ነው።

ቆይማ፦ እንደሱ ከሆነማ አልወረደም። መውረድም አያስፈልገው፣ ሆዱ ደህና ነው።

አውቃለሁ፦ የሱሪ ዚፕ መሰለህ እንዴ፣ ከላይ አይተህ ደህና ነው የምትለው? ይልቅ ፍሬኑን ልየው። (ጨበጥ ያደርጋል።) ይኸው፣ የፍሬን ሸራው አልቋል።

ቆይማ፦ ሸራውማ አዲስ ነው። እኔው ራሴ ነኝ የቀየርኩት።

አውቃለሁ፦ ሸራ ስልህ ድንኳን የሚሰፋበት መስሎህ ነው? ጭራሽ ጨርቅ ሰፍቶበታል። አበባ ነው ወይስ ባለ አንድ ቀለም?

ቆይማ፦ የፍሬን ሸራ ነው ጋሼ። ከመለዋወጫ ሱቅ የተገዛ። ጎንበስ ብለህ እየው።

አውቃለሁ፦ (ጎንበስ ይላል፤ ምንም አይታየውም፤ ይቃናል።) እንዳልኩት ነው። ካቴናም ያስፈልጋል።

ቆይማ፦ ለማን?

አውቃለሁ፦ ለሞተሩ ነዋ። የእሱ ሰንሰለት ላልቷል። እኔን ከጠየቅከኝ ግን ሁለት ነበር የሚያስፈልገው፤ አንዱን ይሄን ሞተር ለሸጠው ሰውዬ እጅ።

ቆይማ፦ እሱስ ይቅርበት። የቤተሰብ ሰው ነው።

አውቃለሁ፦ ሌባ ሁሉ ቤተሰብ አለው። ምን አገኘህበት እሺ፣ ከገዛኸው በኋላ?

ቆይማ፦ ታንከሩ ውስጥ ጨርቅ አገኘሁ።

አውቃለሁ፦ ምን?

ቆይማ፦ ጨርቅ። የታንከሩ ክዳን ጠፍቶበት ኖሮ አፉን በጨርቅ ወትፎታል። ጨርቁ ደግሞ ውስጥ ገብቶ ሲርስ፣ ጠርዙ ሲበጣጠስ፣ ብናኙ የቤንዚኑን መውረጃ ደፈነው። ሞተሩ የሞተ የመሰለውም ለዚህ ነው።

(አውቃለሁ እስኪያስለው ይስቃል። ከመጣ ጀምሮ እንደዚህ ደስ ያለው ነገር የለም፤ ከእህቱ ባል የባሰ ቂል በምድር ላይ ተገኝቷል።)

አውቃለሁ፦ ታንከር በጨርቅ? ጠርሙስ መሰለው እንዴ? አምጣ ወረቀቱን። አስተያየት የሚጻፍበት ቦታ አለው?

ቆይማ፦ ቦታስ አለው፤ ለዚህ ግን አይመስለኝም። ቆይማ፣ መጀመሪያ አንብበው።

አውቃለሁ፦ እኔ እላለሁ፣ አንተ ትጽፋለህ። በል ጻፍ። «ይህን ሞተር ሳይክል በጥልቀት መርምሬ...»

ቆይማ፦ «...መርምሬ።» እሺ።

አውቃለሁ፦ «ያበላሸው የቀድሞው ባለቤት ድንቁርና መሆኑን አረጋግጫለሁ።»

ቆይማ፦ ቆይማ፣ ድንቁርና አይከብድም? ስህተት ብንለውስ?

አውቃለሁ፦ ድንቁርና።

ቆይማ፦ ጋሼ፣ ሰውዬውን ብታውቀው እኮ ትጸጸታለህ።

አውቃለሁ፦ አውቀዋለሁ። እንደሱ ያለውን ሰው ሳላየው አውቀዋለሁ። ወሬው ብዙ፣ እጁ ባዶ፣ ሰው ሲመክረው የማይሰማ። ቀጥል። «ግለሰቡ እንኳን ሞተር፣ ጋሪም ሊይዝ የሚገባው አይደለም።»

ቆይማ፦ (ጠመኔውን ከጆሮው ላይ አንስቶ መልሶ ይሰካል፤ ሲጨንቀው እንዲህ ያደርጋል።) «...ጋሪም።» ጻፍኩት።

አውቃለሁ፦ «ሞተሩ ያለቀለት ነው። በነፃ ቢሰጠኝም አልወስደውም።»

(ቆይማ ይህቺን ለመጀመሪያ ጊዜ ሳያመነታ፣ ፊደሏን አሳምሮ ይጽፋታል።)

ቆይማ፦ ፊርማው እዚህ ጋ ነው። ግን በእናትህ አንብበው። ሁሉንም ባይሆን ከመስመሩ ጎን ያለችውን ብቻ።

አውቃለሁ፦ (ወረቀቱን ያርቀዋል፣ ያስጠጋዋል፣ ደግሞ ያርቀዋል።) አነበብኩት።

ቆይማ፦ ምን ይላል?

አውቃለሁ፦ ፈርም ይላል።

(ይፈርማል። ፊርማው ትልቅ ነው፤ ከመስመሩ ወጥቶ ሌላ ሰው የሚፈርምበትን ቦታ ሁሉ ይወስዳል። ቆይማ ወረቀቱን አጥፎ ደረት ኪሱ ውስጥ ይከትና ኪሱን ይቆልፋል።)

ቆይማ፦ አሁን ዝግ ነው ያልኩህን ላሳይህ።

(ጎንበስ ብሎ ከታንከሩ ሥር ያለችውን የቤንዚን መክፈቻ በሁለት ጣት ያዞራታል። አንዴ ይረግጣል። ሞተሩ ይነሳል፤ መስኮቱ ይንቀጠቀጣል፣ የክር ማሰሮው ከነክሮቹ መሬት ላይ ይንከባለላል።)

አውቃለሁ፦ (በሞተሩ ድምፅ ላይ እየጮኸ) እኔ አሙቄልህ ነው!

ቆይማ፦ ይሆናል። እኔ ያደረግኩት መውረጃዋን በቀጭን መርፌ ጠርጌ መግጠም ነው። የስፌት መኪናዬም እንደሱ ነው የሚደፈንብኝ።

(አውቃለሁ ጆሮውን ወደ ሞተሩ ያዘነብላል። ድምፁን እያዳመጠ ነው። ሞተሩ ሁለቴ ይመታል፣ አንዴ ይዘላል፣ ሁለቴ ይመታል። ዓይን ቢደክም ጆሮ አለ።)

አውቃለሁ፦ ይሄን ድምፅ... የት ነው የማውቀው?

ቆይማ፦ (ሞተሩን ያጠፋና ከመሳቢያ አንድ የታጠበ፣ የተተኮሰ መሐረብ ያወጣል።) ጨርቁ ይኸው። ጠርዙ ተበልቶ ነበር፣ ዘመዘምኩት።

(አውቃለሁ መሐረቡን በአውራ ጣቱ ይዳስሳል። ጥጉ ላይ በክር የተጠለፈ ነገር አለ። እህቱ ሳታገባ በፊት ስሙን ጠልፋ የሰጠችው ነው። ለዚህ መነጽር አያስፈልገውም።)

አውቃለሁ፦ ይሄ የኔ መሐረብ ነው። ሰረቁኝ ብዬ ስንቱን ሰው ተጣላሁበት። የት አገኘኸው?

ቆይማ፦ ታንከሩ ውስጥ።

አውቃለሁ፦ የኔ ሞተር ጥቁር ነበረች።

ቆይማ፦ ከቀዩ ሥር ጥቁር ነው።

አውቃለሁ፦ የኔ አበባ አልነበራትም።

ቆይማ፦ ሊብሬው መቀመጫው ሥር ነበር። በስምህ ነው። ከመጣህ ጀምሮ የምነግርህ ይሄንኑ ነው።

(አውቃለሁ አፈረ። ከጆሮው ጀምሮ አፈረ፤ ፊቱ የሞተሩን ቀለም ያዘ።)

አውቃለሁ፦ ያ ወረቀት... ምን ነበር የሚለው?

ቆይማ፦ (ከኪሱ አውጥቶ፣ እንደ ልማዱ ቀስ ብሎ) «ይህን ሞተር ሳይክል በጥልቀት መርምሬ ያበላሸው የቀድሞው ባለቤት ድንቁርና መሆኑን አረጋግጫለሁ። ግለሰቡ እንኳን ሞተር፣ ጋሪም ሊይዝ የሚገባው አይደለም። ሞተሩ ያለቀለት ነው። በነፃ ቢሰጠኝም አልወስደውም።» ከሥሩ «የቀድሞው ባለቤት ፊርማ» ይላል። ከጎኑ አንተ አለህ።

አውቃለሁ፦ ስጠኝ ልቅደደው።

ቆይማ፦ ከተቀደደ ልብሱ አይደርስም። (ወረቀቱን መልሶ ይከትና ኪሱን ይቆልፋል።)

አውቃለሁ፦ በሌላ ወረቀት እፈርምልሃለሁ።

ቆይማ፦ ሌላውን ለማምጣት ቢሮው ድረስ ሄጄ ስመለስ ይዘጋል። ይሄኛው ዝግ ደግሞ በጣት አይከፈትም።

አውቃለሁ፦ ሰው ቢያነበውስ?

ቆይማ፦ መዝጋቢዋ ብቻ ናት የምታነበው። ድምፅዋ ትንሽ ከፍ ይላል እንጂ ደግ ሴት ናት።

(አውቃለሁ ኮቱን ከሚስማሩ ያወርዳል። አንዱ እጁ ይገባል፣ ሌላው አልገባ ይላል። ቆይማ ይዞ ያስገባለታል፤ የላላውን ቁልፍም በጣቱ ነካ አድርጎ ለመስፋት ያስባል፣ ዛሬ ግን ጊዜ የለውም።)

ቆይማ፦ ጋሼ፣ አንድ ነገር ግን ከንክኖኛል። የድልድይ መሐንዲሱ አሮጌ ብረትም ይሰበስባል እንዴ?

(ሞተሩ እንደገና ይነሳል፣ እንደ ጤነኛ። ቆይማ የዩኒፎርሙን ጥቅል በር ዘግቶበት አበባው ላይ ይቀመጣል። አውቃለሁ መንገዱን ያያል፤ ረጅም ነው፣ ፀሐዩም አልበረደም። ጉሮሮውን ይጠርጋል።)

አውቃለሁ፦ ቤቴ እንኳ በቢሮው በኩል ነው።

ቆይማ፦ አውቃለሁ።

አውቃለሁ፦ ታደርሰኛለህ?

ቆይማ፦ ቆይማ። (ከእግር እስከ ራሱ ያየዋል።) ስንት ኪሎ ነህ?