እንግዳ እንዴት ጭቃ ይረግጣል?

መንግሥት ችግራችንን አያይልንም እያላችሁ የምታሙ ሁሉ፣ እባካችሁ ሐሜቱን ለጊዜው ተዉት! ምን ያድርግ? ሊያይ ሲመጣ የምንሸፍንበት እኛው ነን። አትቆጡ... ቆዩ ልንገራችሁና ከዚያ ትፈርዳላችሁ።

እኛ መሐል ሜዳ ከተማ ዳር ላይ በማኅበር ተደራጅተን ቤት የሠራን ጎረቤታሞች ነን። መንገዱንም ያወጣነው ራሳችን ነን። ያወጣነው ስል... አጥርና አጥር ሲራራቁ መሀል የቀረችውን መሬት "መንገድ" ብለን ጠራናት እንጂ ጠጠር የሚባል ነገር አይታ አታውቅም። በበጋ አቧራ ናት፤ ክረምት ሲገባ ግን በግ እንኳ አጥር ተጠግቶ ነው የሚያልፋት። ማዘጋጃ ቤት ሄደን "ኧረ ጠግኑልን!" ስንል መልሱ አንድ ነው፤ "መንገዱ የማኅበራችሁ ነው፣ እኛ አልተረከብነውም።"

ዘንድሮ ግን ጣጣው ከጫማ መቆሸሽ አለፈ። ባለቤቴ አስካለ የመጀመሪያ ልጃችንን አርግዛ ወሯ እየገባ ነበር። ቤታችን ደግሞ የመጨረሻው ነው፤ ከኛ ወዲያ ያለው የገብስ ማሳ ነው። ባለባጃጁን ወደ ውስጥ ግባ ስትሉት "እኔን ማን ያወጣኛል?" ብሎ ጥሏችሁ ይሄዳል። ምጥ ሲመጣ አስካለን በምን እንደማደርሳት ሳስብ፣ እውነቴን ነው የምላችሁ፣ ፈራሁ። በቃ ፈራሁ!

የማኅበራችን ሊቀ መንበር ጋሽ ተካልኝ ተመላልሰው ተመላልሰው፣ ሰኔ ላይ አንድ ኢንጂነር መጥቶ አይቶ እንዲወስን አስፈቀዱ። መንገዱ በእርግጥ የማያሳልፍ ከሆነ ማዘጋጃ ቤቱ ይረከበዋል፤ ጠጠርም ያለብሰዋል። እልል አልን! ጭቃ እንደሆነ ሞልቶናል፤ ከዚህ የቀለለ ፈተና ከየት ይመጣል?

በቀጠሮው ቀን ጠዋት ብወጣ ምን ልይ? ሰፈሩ በሙሉ ገለባ እየተሸከመ ጭቃው ላይ ይበትናል! ጠላው ተጠምቋል፣ ቆሎው ተቆልቷል። አንዷ ጎረቤታችንማ የበግ ጠጉር ባናዋን ከአልጋ ገፍፋ ልታነጥፍ ስትል ለትንሽ ነው ያስቆሟት።

"ጋሼ፣ ምን እያደረጋችሁ ነው? ሰውዬው እኮ የሚመጣው ጭቃውን ሊያይ ነው!"

"እና እንግዳ ጠርተን ጭቃ እናስረግጠው? በመንዝ ምድር?"

"አዎ! ይርገጠው!"

"አንተ ልጅ፣ ነውር አታውቅም?" ብለው ጋሽ ተካልኝ አንድ ሸክም ገለባ አስታቀፉኝ። እኔም በተንኩ።

አስካለ ደጃፍ ላይ ሆዷን ይዛ ታየኛለች። "በርታ የኔ ጌታ" አለችኝ፤ "ልጅህን እዚያው ገለባው ላይ እወልድልሃለሁ።"

ኢንጂነሩ ጫማው የሚያብረቀርቅ ወጣት ነው። መኪናውን ከዋናው መንገድ ዳር አስቁሞ ገለባው ላይ ትንሽ ተራመደ። ጫማውን አየ፤ እንዳብረቀረቀ ነው።

"ይኼማ ደህና ነው እኮ! ከዚህ የባሰ ስንት ሰፈር እያለ... እናንተው ብትይዙት ይሻላል።"

በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ማለት ይኼ ነው! አሁን እንኳ እውነቱን ያወጡት ይሆናል ብዬ ጋሽ ተካልኝን አየኋቸው። እሳቸው ግን የጨነቃቸው ሌላ ነው።

"መኪናውን ምነው ውጭ አቆሙት? እንግዳ መኪናውን ሜዳ ላይ ጥሎ ይገባል እንዴ? እስከ ደጃፍ ያስገቡት እንጂ፣ በሞቴ!"

"ግድ የለም አባቴ፣ እዚያው ይቁም..."

"አፈር ስሆን!"

አፈር ስሆን ተብሎ ማን እምቢ ይላል? መኪናው ገባ። ገለባው ለጥቂት ጊዜ ቻለው፤ ከዚያ... ጎማው የት እንደገባ እግዜር ይወቅ! ሾፌሩ ነዳጅ በሰጠ ቁጥር ጭቃው እየተነሣ ኢንጂነሩን እስከ ከረባቱ ለቀለቀው። ገፋን፣ በገመድ ጎተትን፣ ማርያምን ጠራን። መኪናው ወይ ፍንክች!

"ይኼ ደግሞ መንገድ ነው?" ብሎ ጮኸ ኢንጂነሩ፣ ዓይኑን እየጠረገ።

"እሱን እኮ ነው ስንል የከረምነው" አለች አስካለ። "ለማንኛውም እኔን ሐኪም ቤት የሚያደርሰኝ መኪና ሰፈር ድረስ መጥቶልኛል። የቀረው መውጣቱ ብቻ ነው።"

ማዘጋጃ ቤቱ መንገዱን በዚያው ሳምንት ተረከበ። ጠጠርም በፍጥነት መጣ፤ ምን ያድርጉ፣ መኪናቸው ጭቃው ውስጥ ነዋ! ጠጠሩ የተደፋው ግን መኪናው እስከ ሰመጠበት ድረስ ብቻ ነው። ለቀረው "በጀት ሲገኝ" ተባልን። እናም በሐምሌ መጀመሪያ አስካለን ምጥ ሲይዛት፣ ግማሹን መንገድ በጎረቤት ትከሻ፣ ግማሹን በባጃጅ ሄደች። ወንድ ልጅ ወለደች። ሁለቱም ደህና ናቸው፤ ተመስገን!

ክርስትናው ፍልሰታ በተፈታ ማግስት ነው፤ ነሐሴ፣ ጭቃው በደንብ በቦካበት ሰዓት። ድግሱ እኛ ቤት፣ መጨረሻው ቤት ነው። ጋሽ ተካልኝ ከወዲሁ ገለባ እያሰበሰቡ ነው፤ አሁን ግን እኔም አልተከራከርኳቸውም። ማዘጋጃ ቤቱን በሙሉ ጠርተናል።

"መኪናችሁን እንዳትተዉ፤ እስከ ደጃፍ ይገባል!" ብለናቸዋል።