የአባባ ክኒን

(ጉለሌ፣ ከእንጦጦ ሥር ያለ ግቢ። ጠዋት። ወንድማማቾቹ ጀቤሳና ቱሉ በረንዳ ላይ ቆመዋል። አባታቸው አቶ ቶለሳ ሐኪም ቤት ለመሄድ ውስጥ እየለበሱ ነው። ውሻው ቦቢ ደጃፉ ላይ ተጋድሟል።)

ጀቤሳ፦ ትናንትም አባባ ቦቢ ነው ያለኝ እያልኩህ።

ቱሉ፦ ታዲያ ምን አለበት? ቦቢን ይወደዋል።

ጀቤሳ፦ የበኩር ልጁን በውሻ ስም ጠርቶ ምን አለበት? ያውም ወር ሙሉ የመርሳት መድኃኒት የዋጠ ሰው። ዛሬ ሐኪሟን «መጠኑን እጥፍ አድርጊልን» ነው የምላት።

ቱሉ፦ እጥፍ? ከበዛ የልብ ምት ያዘገያል አላለችም እንዴ? እኔ ፈራሁ። አባባን እንዳትገድልብኝ።

ጀቤሳ፦ አንተ ሚኒባስህን ንዳ። እኔ አንብቤያለሁ።

ቱሉ፦ ቆይ፣ መድኃኒቱ ራሱ ምንድን ነው የሚሠራው? ሁሌ ትነግረኛለህ፣ ሁሌ ይጠፋኛል።

ጀቤሳ፦ ለአንተም ማዘዝ ነበረባት። ስማ። አንጎል ውስጥ መልእክት የሚያደርስ ኬሚካል አለ። ኢንዛይም የሚባል ደግሞ አለ፣ መልእክተኛውን እየቆራረጠ የሚያጠፋ። አባባ ጋ መልእክተኛው አንሷል። ክኒኑ ኢንዛይሙን ይይዝለታል፣ ያለችው መልእክተኛ ትንሽ ትቆይለታለች።

ቱሉ፦ አልገባኝም።

ጀቤሳ፦ መች ገብቶህ ያውቃል። በቃ፣ መልእክተኛ በራችን መጣ እንበል። ቦቢ ይነክሰዋል። ኢንዛይሙ ቦቢ ነው። ክኒኑ ቦቢን ያስረዋል።

ቱሉ፦ እ... ክኒኑ የሚሰጠው ለቦቢ ነው?

ጀቤሳ፦ (ግንባሩን ይዞ) ምሳሌ ነው፣ አንተ ደነዝ። የሚውጠው አባባ ነው።

ቱሉ፦ እና ያድነዋል?

ጀቤሳ፦ አያድነውም። መርሳቱን ለጊዜው ቢያቀልለት ነው። እሱንም አላቀለለትም።

ቱሉ፦ ሆዱንስ? መጀመሪያ አካባቢ ሆድ ይረብሻል፣ ያስመልሳል ብላን ነበር።

ጀቤሳ፦ ምንም አልነካው። ስለዚህ አንሶታል ማለት ነው። ይኸው ማስረጃ።

ቱሉ፦ ሆዱ የተበላሸው ቦቢ ነው። ግቢውን ሳጥብ ወገቤ ተቆረጠ። ትናንትም አስመልሶታል።

ጀቤሳ፦ ስለ አባባ ሲወራ ውሻ ታመጣለህ። ሥጋ ቤት ደጃፍ የበሰበሰ ለቅሞ ይሆናላ።

ቱሉ፦ በሁዳዴ? ሥጋ ቤቱ ተዘግቶ?

ጀቤሳ፦ ሁዳዴ ገብቷል እንዴ?

ቱሉ፦ ይኸው አጋምሰነዋል። አንተ በምን ታውቃለህ። ለመሆኑ ክኒኑን እንዴት ነው የምትሰጠው?

ጀቤሳ፦ በዘዴ ነዋ። ክኒን ሲያይ እምቢ ይላል። ሁለት ሰዓት ላይ፣ ሥራ ስወጣ፣ ዳቦ ውስጥ ደብቄ እሰጠዋለሁ። የዛሬውንም አሁን ሰጥቼው ነው የወጣሁት።

ቱሉ፦ በጠዋት ዳቦ? ለአባባ? የነፍስ አባቱ «ታመሃል፣ ብላ» ብለውት እንኳ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ውኃ አይቀምስም እኮ። መንገድ ይጠፋዋል እንጂ ጾም አይጠፋውም።

ጀቤሳ፦ መርቆ ይቀበለኛል ስልህ።

ቱሉ፦ መቀበሉንማ ይቀበላል፣ የልጁ እጅ ነው። ከዚያስ?

ጀቤሳ፦ ከዚያማ ዳቦውን እንደያዘ እስከ በር ይሸኘኛል። የሚሳሳተው ያን ጊዜ ነው። ገና ፊቴን ሳዞር «ና ቦቢ» ይለኛል።

(ከውስጥ የአቶ ቶለሳ ድምፅ ይሰማል፤ «ና ቦቢ።» ውሻው ዘሎ ይነሣል።)

ጀቤሳ፦ አቤት አባባ።

(ጀቤሳና ውሻው በሩ ላይ ይጋጫሉ። ውሻው ቀድሞ ይገባና ዳቦ በአፉ ይዞ ይወጣል። ቱሉ ከአፉ ይነጥቀዋል፤ ሲከፍተው ክኒኑ መሐሉ ላይ ነው። ለጀቤሳ መዳፉ ላይ ያስቀምጥለታል።)

ቱሉ፦ እንካ። እጥፍ የምታስደርገው ለየትኛው ነው?

ጀቤሳ፦ (ክኒኑን እያየ) ማለቴ... ወር ሙሉ ቦቢ ሲለኝ...

ቱሉ፦ አባባማ ውሻውን ነው የጠራው። አቤት ያልከው አንተ ነህ።