የምክሬ ተቃራኒ

ሰው ሐሳቡን ሲለውጥ ትንሽ ያፍራል። መሥሪያ ቤት ግን ሐሳቡን ሲለውጥ ባነር ያሠራል፤ ከባነሩ ሥር ለስላሳ ይጠጣል፤ የአምናውን ባነር ደግሞ ለጥበቃው ቤት መጋረጃ ይሰጣል። ሐሜት እንዳይመስላችሁ። ባነሩ ሲሰቀል መሰላሉን ከሚይዙት አንዱ እኔ ነኝ።

በአዲስ ቅዳም ዙሪያ ገበሬ ሳማክር ጸጉሬን የጨረስሁ የግብርና ባለሙያ ነኝ። ገበሬው ማሳውን ለከሰል በሚሆነው ዛፍ፣ በዲከረንስ፣ መሙላት የጀመረ ጊዜ፣ «መሬታችሁን ትገድሉታላችሁ፤ ጤፍ ዝሩ» እያልሁ መንደር ለመንደር ዞርሁ። የሰማኝ የለም። ከሰል የሚጭነው አይሱዙ እየበዛ ሄደ፤ የሣር ክዳኑም ሁሉ ቆርቆሮ ሆነ። መሥሪያ ቤታችን የነቃው ያኔ ነው። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንዲሉ፣ እኔው ራሴ ስለ ዲከረንስ ጥቅም ማሠልጠን ጀመርሁ። የማስተምረውም ሠልጣኞቹ ራሳቸው የነገሩኝን ነበር። አበሉን ግን አልመለስሁም።

በዚህ ሁሉ መሀል መጽናኛዬ አያ ቢረሳው ነበሩ። እኒህ ሽማግሌ በየዓመቱ ክረምት ሳይገባ ቢሮዬ ድረስ መጥተው ምን ቢዘሩ እንደሚሻል ይጠይቁኛል። እኔም ባልደረቦቼን «አያችሁ፣ የሚሰማኝ ሰው አለ» እያልሁ እኮራለሁ። አምና አንድ ለቅሶ ላይ ጎረቤታቸው አጠገቤ ተቀምጦ ጉዱን አወጣልኝ። ለካ አያ ቢረሳው የሚመጡት የምለውን ሰምተው ተቃራኒውን ለማድረግ ነው! ጤፍ ስል ዲከረንስ ተከሉ። ዲከረንስ ስል እሱን መንጥረው ድንች ተከሉ። በሽታ ገብቶ የሰፈሩ ዛፍ ቆሞ ሲደርቅ እርሳቸው በድንቹ ተረፉ። እንግዲህ ፍረዱኝ፤ ምክሬ አልጠቀመም ማን ይላል?

ዘንድሮ ድንቹንም በሽታ አገኘው። አያ ቢረሳው በግንቦት መጡ። ለአንድ ዘር የምትሆን አቅም ቀርታቸዋለች፤ እሷም ከከሸፈች መሬታቸውን ለሰው ሰጥተው ዳንግላ ልጃቸው ቤት ሊገቡ ነው። የልጅ ቤት ጥገኛ ከመሆን ሞት ይሻለኛል የሚሉ ሰው ናቸው።

ምሥጢራቸውን ማወቄን አልነገርኋቸውም። ይልቅ በልቤ ተንኮል አሰብሁ፤ የማላምንበትን ብነግራቸው የማምንበትን ይዘራሉ። ዘዴው ድንቅ ነበር። የጎደለው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ የማምንበትን ፈልጌ አጣሁት። መሥሪያ ቤቱም ቢሆን ገና ከበላይ መመሪያ እየጠበቀ ነበር። አፈርሁ፤ አዘንሁላቸውም።

«አያ ቢረሳው፣ እውነቱን ልንገርዎ» አልሁ። «ዘንድሮ እኔም አላውቅም።»

በዚያ ሁሉ ዓመት ሲፈሩ አይቻቸው አላውቅም፤ ያን ዕለት ግን ፈሩ። ቀስ ብለው ወንበሩ ላይ ተቀመጡ።

«ልጄ፣ አንተም አላውቅም ካልህ» አሉኝ፣ «እኔ የምኑን ተቃራኒ ልዝራ?»