የሚስተር ቲድኮም መባረርና የኮሎኔሉ ርግብ

የዊንስኮት ከተማ የተፈጥሮ ተመራማሪዎች ማኅበር ቃለ ጉባኤ

ቀን፦ ሐሙስ፣ እ.ኤ.አ. ማርች 14 ቀን 1861
ቦታ፦ በመጠጥ ቤቱ ፎቅ ላይ ያለው ክፍል

የተገኙ፦
ኮሎኔል ስፐርሊንግ፣ ሰብሳቢ፣ ርግብ አርቢ
ቄስ ክራብትሪ፣ የጥንዚዛ ሊቅ
ሚስተር ደንስተን፣ መድኃኒት ቀማሚ
ጄቤዝ ተክዌል፣ ጸሐፊ (ድምፅ የለውም)

ምልዓተ ጉባኤው አምስት ነው። ዶክተር ሞውብሬይ ባይመጡም፣ ባለፈው ወር ረስተውት የሄዱት ካፖርት እንደተሰቀለ በመሆኑና ሰብሳቢው «ዶክተሩ ሲኖሩም ከዚህ በላይ አይናገሩም» በማለታቸው፣ እንደተገኙ ተቆጥሯል።

አጀንዳ 1፦ የሚስተር ቲድኮም ደብዳቤ

በሰሜን ባሕር ዳርቻ ብቻቸውን የሚኖሩትና ሃያ ዓመት ሙሉ ስለ ባሕር ቀንድ አውጣ ሲጽፉልን የኖሩት አባላችን የላኩት ደብዳቤ ተነበበ። ስለ ዝርያዎች አመጣጥ በቅርቡ የታተመውን ያን አወዛጋቢ መጽሐፍ አንብበው ፍጥረት ቀስ በቀስ እንደሚለወጥ ማመናቸውን ከገለጹ በኋላ፣ «ብትቆጡኝ አልፈርድባችሁም፤ ብቻ መልስ አትከልክሉኝ። ባለቤቴ ካረፈች ወዲህ ከእናንተ ደብዳቤ በቀር በሬን የሚያንኳኳ የለም» ብለዋል።

ቄስ ክራብትሪ መጽሐፉን አንብበውት እንደሆነ በጸሐፊው ተጠይቀው፣ «መርዝ መሆኑን ለማወቅ የግድ ልጠጣው?» ሲሉ መልሰዋል። ሚስተር ደንስተን በበኩላቸው፣ መርዝን ሳይቀምስ የሚለይ ሰው ቢገኝ ሱቃቸው ውስጥ ሥራ እንደሚሰጡት አስታውቀዋል።

ከረጅም ውይይት በኋላ፣ ማንኛውም ፍጥረት ተለውጦ እንደማያውቅና ወደፊትም እንደማይለወጥ፣ ሚስተር ቲድኮምም ተባረው ዳግመኛ እንዳይጻፍላቸው፣ በሁለት ድጋፍ፣ በአንድ ተቃውሞና በአንድ ድምፀ ተአቅቦ ተወሰነ። ድምፀ ተአቅቦው የካፖርቱ ነው። ፖስተኛው ሊሄድ ስለነበር የስንብቱ ደብዳቤ እዚያው ተጽፎ ተላከ።

አጀንዳ 2፦ የዓመቱ ሽልማት

ሰብሳቢው አባትና እናት እየመረጡ ለዓመታት ያዳቀሏትን፣ ደረቷን እንደ ፊኛ የምትነፋ ርግብ አቅርበው፣ «እንዲህ ያለች ርግብ ከእኔ በፊት በምድር ላይ አልነበረችም» ብለዋል።

ሚስተር ደንስተን በአጀንዳ 1 መሠረት ርግብ ስለማይለወጥ፣ ወፏ ከቤተ ክርስቲያን ጣሪያ ላይ የተያዘች ተራ ርግብ ተብላ እንድትመዘገብ ሐሳብ አቀረቡ። ኮሎኔሉ ተነሥተው ቆሙ። ቄሱም ለማስታረቅ፣ «የኮሎኔሉ ርግብ ብቻ ትለወጥ፣ ሌላው ፍጥረት ባለበት ይርጋ» የሚል ማሻሻያ አመጡ።

ሚስተር ደንስተን፦ «ታዲያ ቲድኮም ከዚህ የተለየ ምን አሉ?»
ሰብሳቢው፦ «ቲድኮም ርግብ የለውም።»

በዚህ መሐል ርግቧ አምልጣ በካፖርቱ ትከሻ ላይ አቋሟን በነጭ ገልጻለች።

የመጨረሻ ውሳኔ

ለሽልማቱ እንቅፋት እንዳይኖር፣ ዛሬ የተወሰነው ሁሉ እንዳልተወሰነ እንዲቆጠር በሙሉ ድምፅ ጸደቀ።

ጸሐፊው፣ የስንብቱ ደብዳቤ ሄዷልና ለሚስተር ቲድኮም ማስተካከያ ይጻፍላቸው ሲል ለመነ። ሰብሳቢው «ስላልተወሰነ ነገር ምን ተብሎ ይጻፋል? አርፈህ መዝግብ፣ ተክዌል» አሉ። ጸሐፊው ማዘኑ እንዲመዘገብለት ጠይቆ አልተፈቀደለትም፤ አለመፈቀዱ ተመዝግቧል።

ስብሰባው ከቀኑ አሥራ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ተበተነ። ቅዳሜ ጠዋት የሚስተር ቲድኮም በር ይንኳኳል።