እትዬ ቀይ መስመርና ስምንቱ ደቂቃ

በየመሥሪያ ቤቱ ፋይል የማያምን አንድ ሰው አይጠፋም። የኛ ክብርት እትዬ ቀይ መስመር ናቸው፤ የአውቶቡስ ሰዓት ሰንጠረዥ በተሳፋሪው ስልክ ላይ ከመውጣቱ በፊት የሚያጣሩ የበላይ ጠባቂ። ሹመቱን የሰጠናቸው እኛው ነን።

ሥራችን እንዲህ ነው። ከየተርሚናሉ ፋይል ይመጣል፣ ኮምፒውተሩ ይፈትሸዋል፣ ያልጣመውን ረድፍ በቀይ ያሰምርበታል። አንዲት ቀይ ካለች ፋይሉ አይገባም። እኛ ቀዩን እንደ ብጉር አፍርጠን ማለፍ ነው የምንወደው። እሳቸው መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ይሰቅሉና "ማን ጻፈው? ምን አስቦ?" ይላሉ።

አንዴ አንድ አውቶቡስ ከፌርማታ ፌርማታ በግማሽ ደቂቃ ደረሰ ተብሎ ተጻፈ። የጣት ስህተት ነው አልን። እሳቸው ራሳቸው ተሳፍረው ሄደው መጡ። "ፌርማታውን ለቧንቧ ቁፋሮ ብለው አዛውረውታል። አሁን ሠላሳ እርምጃ ነው፤ እኔም በእግሬ እቀድመዋለሁ።" ሌላ ጊዜ ደግሞ አንድ ባዶ ረድፍ አይተው "የተርሚናሉ ጸሐፊ ፈቃድ ወጥቷል፣ ፋይሉን የሞላው ተተኪው ነው" አሉ። ደውለን ብናጣራ እውነት ነው።

ባለፈው ዓርብ አዲሱ ሰንጠረዥ ከሥራ መውጫ በፊት መግባት ነበረበት። ከሰኞ ጀምሮም ከሰንጠረዡ ውጪ የቆመ ሾፌር ይቀጣል። አንዲት ቀይ ቀረችን። አሥራ አራት ቁጥር አውቶቡስ ሆስፒታሉ በር ስምንት ደቂቃ ቆሞ በአራት ሰዓት ከሃያ ይነሳል፤ የሚቀጥለው ፌርማታ የሚደርሰው ግን አራት ሰዓት ከሩብ ነው። ሳይነሳ የሚደርስ አውቶቡስ!

"ስምንቷን ደቂቃ ልሰርዝና እንገላገል" አልኩ። አለቃችንም ሰዓቱን እያየ "ሰርዛት" አለ።

"እጅህን ከላዩ አንሳ ልጄ" አሉኝ እትዬ። ተርሚናል ደውለው ሾፌሩን አስጠሩና ስምንቱን ደቂቃ ለምን እንደሚቆም ጠየቁት።

"እትዬ፣ ኩላሊት የሚታጠቡት ሰዎች በዚያ ሰዓት ነው የሚወጡት" አለ ሾፌሩ። "ጥያቸው ልሂድ? ከኔ በኋላ እስከ ሰባት ሰዓት አውቶቡስ የለም።"

ለካ ለዓመታት ሲጠብቃቸው ኖሯል፤ ወረቀት ላይ ያሰፈረው ሰው ግን አልነበረም። የተርሚናሉ አዲስ ጸሐፊ እውነቱን ጻፈና የተከታዮቹን ፌርማታዎች ሰዓት መግፋት ረሳ። እትዬ የቀሩትን ሃያ ሁለት ፌርማታዎች አንድ በአንድ በስምንት በስምንት ደቂቃ ገፏቸው። ቀይዋ ጠፋች። አለቃችን ቦርሳውን አንስቶ ወጣ።

ሰኞ አስፈቅጄ ሆስፒታሉ በር ሄድኩ። አውቶቡሱ በሩን ከፍቶ ቆሟል። ሌሎቹ ከገቡ በኋላ አንዲት አሮጊት፣ አንድ ክንዳቸው በፋሻ ተጠቅልሎ፣ ግድግዳውን እየተደገፉ ብቅ አሉ። ሰዓቴን አየሁ። እነዚህን ደቂቃዎች ነበር ልሰርዝ የተነሳሁት። እትዬን በዚያች ቅጽበት ምን ያህል እንደምወዳቸው አወቅኩና ደወልኩላቸው።

"ተሳፈሩ?" አሉኝ፣ ሰላምታ እንኳን ሳይሰጡኝ።

"አንዲት እናት ቀርተዋል። አውቶቡሱ ከቆመ ይኸው ስድስት ደቂቃ ሆነው፤ እየመጡ ነው።"

"እና አንተ ቆመህ ትቆጥራለህ?" አሉኝ። "ሂድና ደህናውን ክንዳቸውን ያዝላቸው።"