የዱላና የትከሻ ግጭት

(ሞጣ፣ በ1961 ዓ.ም. የእንደራሴ ምርጫ ዕለት። መምህር ኃይለ ጊዮርጊስ ከአዲስ አበባ ተመድቦ የመጣ አስተማሪ ነው፤ ለጋዜጣም ወሬ ይልካል። ሻይ ቤት በረንዳ ላይ የጻፈውን ለይርሳው ያነብለታል። ይርሳው ከወንዙ መልካ (መሻገሪያ) ማዶ፣ በገደሉ ዞሮ የመጣ ገበሬ ነው፤ ትከሻውን በነጠላ አስሯል።)

ይርሳው፦ ቆዩማ መምህር፣ እሷን ነገር መልሰው ያንብቡልኝ።

ኃይለ ጊዮርጊስ፦ «ሁለቱም ወገኖች መልካውን ባለመልቀቃቸው ምርጫው ተስተጓጉሏል።»

ይርሳው፦ እኛ የትኛውን መልካ ነው ያልለቀቅነው?

ኃይለ ጊዮርጊስ፦ ማዶ ቆማችሁ የለም?

ይርሳው፦ ቆመናል።

ኃይለ ጊዮርጊስ፦ የፊታውራሪ በላቸው ሰዎችስ?

ይርሳው፦ እነሱማ ከወዲህ ዱላ ይዘው ቆመዋል።

ኃይለ ጊዮርጊስ፦ እንግዲህ ሁለታችሁም ቆማችኋል።

ይርሳው፦ እኛ የቆምነው እነሱ ቆመውብን ነው። እነሱ ዞር ቢሉ እኛ አንድ አፍታ አንቆምም፤ ተሻግረን እንመርጣለን።

ኃይለ ጊዮርጊስ፦ የጋዜጣ ሥራ ባንድ ጊዜ አይገባህም፣ ይርሳው። ጋዜጠኛ ወገን አይለይም።

ይርሳው፦ አለመለየቱስ ደግ ነበር። ግን ፊታውራሪ «ለተፎካካሪዬ ለይግዛው የሚመርጥ በዚህ አያልፍም» ብለው ገበያ መሐል ተናግረዋል። እርስዎም ቆመው ሰምተዋል።

ኃይለ ጊዮርጊስ፦ ሰምቻለሁ፤ ጽፌዋለሁም። «ፊታውራሪ በላቸው በመልካው አጠቃቀም ረገድ የራሳቸው አስተያየት እንዳላቸው ገልጸዋል።»

ይርሳው፦ ትከሻዬንስ ጽፈውታል?

ኃይለ ጊዮርጊስ፦ እንዴታ። «በዱላና በትከሻ መካከል ግጭት ተፈጥሯል።»

ይርሳው፦ የኔ ትከሻ ከማንም አልተጋጨ። ልሻገር ጎንበስ ብዬ ሱሪዬን ስሰበስብ ነው ዱላው ያረፈበት። ይዩት እስቲ።

(ነጠላውን ገለጥ ያደርጋል። ኃይለ ጊዮርጊስ ዓይኑን ይመልሳል።)

ኃይለ ጊዮርጊስ፦ ይኸ ያንተ ወገን ነው፤ የዱላው ወገን ደግሞ አለ። ጋዜጠኛ ማለት ሚዛን ነው፤ ወዲህም ወዲያም አይልም።

ይርሳው፦ የኛ አገር ሚዛን ከባዱ ወዳለበት ያዘነብላል። እህል ተጭኖበት ካላዘነበለ ተሰብሯል ማለት ነው።

ኃይለ ጊዮርጊስ፦ እኔ ስለ እህል አላወራሁም።

ይርሳው፦ እኔ ሌላ ምን አውቃለሁ። ብቻ እማሆይ ወለተ ገብርኤል ሳልሞት አንድ ጊዜ ልምረጥ ብለው ከማለዳ ጀምሮ ማዶ ጠጠር ላይ ተቀምጠዋል። የምርጫው ተቆጣጣሪ ያለው ቢቸና ነው። የእርስዎን ወሬ አይቶ ነው ወይ ቀን የሚጨምርልን፣ ወይ ሳጥኑን የሚያሽገው። «ሁለቱም ተጣሉ» ከተባለማ ያሽገዋል።

ኃይለ ጊዮርጊስ፦ እሱን ተቆጣጣሪው ይወቅ። ወረቀቱን ወደ ቢቸና የሚወስደው መኪና መልካው አጠገብ ነው ያለው። በዚያው የዱላውን ወገን ጠይቄ እጨምርበታለሁ።

(ይሄዳል። ይርሳው ሻዩን ሳይጨርስ ኃይለ ጊዮርጊስ ይመለሳል፤ ከእግሩ እስከ አንገቱ ጭቃ ነው፣ ባርኔጣው የለም።)

ይርሳው፦ ምን አሉዎት?

ኃይለ ጊዮርጊስ፦ ምንም አላሉ። «በእናንተስ በኩል ነገሩ እንዴት ይታያል?» ብዬ ሳልጨርስ አንስተው ወንዙ ውስጥ ጣሉኝ። ወረቀቱም በሰበሰ። (ሌላ ወረቀት ስቦ እየጻፈ) «የፊታውራሪ በላቸው ሰዎች መልካውን ዘግተው መራጩን በዱላ እየመለሱ ነው። ለመጠየቅ የሄደውንም ሰው ወንዝ ጥለውታል።»

(ዱላ የያዘ ሰው በመንገዱ ሲያልፍ ወደ በረንዳው ያያል፤ «መምህሩን ጠጅ ጥሎት ነው» ብሎ እየሳቀ ይሄዳል።)

ይርሳው፦ እንደሱ አድርገው አይጻፉ፣ መምህር።

ኃይለ ጊዮርጊስ፦ ለምን?

ይርሳው፦ ሌላውም ወገን ቃሉን ሰጠ እኮ። «ገሚሱ ሰው ጣለው ይላል፣ ገሚሱ ጠጅ ጣለው ይላል» ይበሉ።

ኃይለ ጊዮርጊስ፦ ጠጅ በአፌ ዞሮ እንደማያውቅ አንተ ታውቅ የለም እንዴ?

ይርሳው፦ እኔማ አውቃለሁ። እርስዎም መልካውን ማን እንደዘጋው ያውቁ ነበር።

(ኃይለ ጊዮርጊስ ከጻፈው አንድም ቃል ሳይሰርዝ ስሙን ከታች ያኖርበታል።)