ኪስ የማይገባ ምሳ

ዳቦ ብቻውን ጥሩ ምግብ አይደለም ሲባል ሰምታችኋል? እኔ ስድስተኛ ክፍል ሆኜ ነው የሰማሁት። እስከዚያ ድረስ ከዳቦ የሚበልጥ ያለ አይመስለኝም ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። ቤታችን ጨለለቅቱ የምትባል ትንሽ ከተማ ውስጥ ነው። እናቴ ቡና ማጠቢያው ጋ ቡና ትለቅማለች። ቡናው ሲያልቅ ሥራውም ያልቃል። ያኔ ቤት ውስጥ የሚበላው ማታ ብቻ ነው፤ ያውም ቆጮ በጎመን፣ ጎመኑ ካለ። ትምህርት ቤት ግን መንግሥት ለምሳ ዳቦ ይሰጠን ነበር። ግማሹን እበላለሁ፣ ግማሹ ዩኒፎርሜ ኪስ ውስጥ ይገባል። ታናሽ እህቴ ብርቄ ያኔ አራት ዓመቷ ነበር። በር ላይ ትጠብቀኛለች። ሰላምታ የሚባል ነገር የለም፣ እጇ ቀጥታ ኪሴ ውስጥ ነው። እኔ ብቻ መሰልኳችሁ? የክፍላችን ልጅ ግማሹ ኪሱ ፍርፋሪ ነበር። አይጥ እንኳ ደብተራችንን ትታ ኪሳችንን መቅደድ ጀምራ ነበር።

ከዚያ ምሳው ይሻሻል ተባለ። አንድ የጤና ባለሙያ መጡና ዳቦ ሆድ ይሞላል እንጂ ሰውነት አይገነባም አሉን። በሳምንቱ ዳቦው ቀርቶ ቦሎቄ ወጥ በካሮትና በድንች ጀመርን። መቼም አይዋሽም፣ ይጣፍጣል። ግን ወጥ በየትኛው ኪስ ይገባል?

ሞከርኩ። በፌስታል ቋጥሬ ሹራቤ ሥር ደበቅኩት። ሒሳብ ስንማር ተፈታ። መረቁ በእግሬ ሲወርድ ከኋላዬ የሚቀመጠው ተስፉ፣ "ቲቸር፣ እሷ ጋ ምሳ እየዘነበ ነው" አለ። ክፍሉ በሳቅ ሞተ። ወጥ ቤቷ እትዬ ዘነበች ሰምተው ጠሩኝ።

"የኔ ልጅ፣ እዚሁ ብዪው። ከግቢ አይውጣ ተብለናል። ቤት እስኪደርስ ተበላሽቶ ሰው ቢያሳምምስ?"

እውነታቸውን ነው። ብርቄን ግን ማን ያስረዳት? አንዱን ኪስ ትገለብጣለች፣ ከዚያ ሌላውን። ነገ እላታለሁ። ነገ መቼ አልቆ ያውቃል?

ዝም አይነቅዝም ይላሉ። እኔም ሰው ፊት መናገር ሞቴ ነው። ባለሙያው ተመልሰው መጥተው ስለ ምሳው አስተያየት ያለው ሲሉ ግን እጄን አወጣሁ። ምን ልበል? እህቴን ይርባታል ልበል? የቤት ገመና በአደባባይ?

"ደረቅ ነገር ቢሆን" አልኩ።

"ደረቅ ማለት?"

"መረቅ የሌለው።" ቶሎ ተቀመጥኩ።

ባለሙያው ራሳቸውን እየነቀነቁ ጻፉ። ተማሪ እንዲህ ሲሳተፍ ደስ ይላል አሉ፣ ተጨበጨበልኝ። ያን ቀን ወደ ቤት በሩጫ ሄጄ ለብርቄ ሰኞ ዳቦ አመጣልሻለሁ አልኳት።

ሰኞ ምሳው ተሻሽሎ መጣ። መረቁ ቀንሶ፣ ወጡ ወፍሮ፣ ካሮቱ በዝቶ። ልጆቹ እስከ ዛሬ ያመሰግኑኛል። እኔም ሳህኔን ጠርጌ በላሁ፤ ምን እዋሻችኋለሁ።

ቤት ስደርስ ብርቄ ኪሴን አልነካችም። አንገቴን ይዛ ዝቅ አደረገችኝና አፌን አሸተተች።

"የዛሬው ይጣፍጣል" አለች።